የብሎን ቁልፍ በድምፁ የሚገዙት ጋሽ ወልደ ገብርኤል

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጄን ጣና ዳር፣ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት ከፍ ብዬ አቁሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ እየሮጡ መጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በግራሶ ጠቁሯል፤ ሸሚዛቸው ግን የተተኮሰ የቢሮ ሸሚዝ ነው። ሽማግሌ የሚሮጠው ወይ ሲያባርሩት ወይ ደመወዝ ሲገባ ነው ብዬ ሞተሬን አስነሣሁ።

“ገበያ ንዳ” አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

“ኮንትራት ነው ጋሼ?”

“የፈለግኸውን በለው፤ ብቻ ንዳ።”

እንዲህ የሚል ተሳፋሪ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ነዳሁ። እኔ ግሩም እባላለሁ። ትምህርት ቤትና እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ተከባብረን ተለያይተናል፤ ስለዚህ ይህን ነገር የማወራላችሁ እንደ አፌ ነው። ቢሆንም ወሬው ይጠቅማል። ቤታችሁ ብሎን ያለበት ዕቃ ካለ፣ ብስክሌትም ይሁን ጄኔሬተር፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

“ምን ሊገዙ ነው እንዲህ የሚያስሮጠዎት?” አልኋቸው።

“የብሎን ቁልፍ። ሙሉ ሳጥን። ያንን የሚያብረቀርቀውን።”

ከዚያ መንገድ ለመንገድ ጉዳቸውን አወጉኝ። ስማቸው ወልደ ገብርኤል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮሌጅ ውስጥ ንብረት ክፍል ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ የራሳቸው መካኒክ ናቸው። አንዲት ባለ ሞተር ጀልባ አለቻቸው። ባለፈው ዓመት ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ሕመም ጠንቶባቸው ሲተኙ፣ “እሷን ካዳንህልኝ የማኅበራችንን ሰው ሁሉ በጀልባዬ ዘጌ ለንግሥ አደርሳለሁ፤ ሳንቲም አልቀበልም” ብለው ተሳሉ። እትዬ ጽጌም ዳኑ። ንግሡ ደግሞ ነገ ነው።

“ታዲያ ሞተሩ ይግላል” አሉ። “ከሐይቁ ውኃ እየሳበች የምታበርደው ጎማ አልቃለች። አዲሷን ጎማ ገዝቻለሁ። እሷን ለመለወጥ የሞተሩን ታችኛ ክፍል ማውለቅ አለብኝ፤ ያ ደግሞ በአራት ብሎን ነው የተያዘ። ሦስቱን አወጣሁ። አራተኛው ግን እምቢ አለ።”

“በምን ነበር የሚፈቱት?”

“በፒንሳ።”

በመስታወቱ አየኋቸው። አላፈሩም። ከኪሳቸው አንዱን ብሎን አውጥተው አሳዩኝ። ስድስት ማዕዘን የነበረው ጭንቅላቱ ተበልቶ ተበልቶ ሽምብራ መስሏል።

“ጋሼ፣ ይኼ ብሎን ነው ወይስ ቆሎ?”

“አንተ ልጅ፣ ዓይንህን መንገድ ላይ አድርግ።”

“የሌላ ሰው ጀልባ ቢከራዩስ?”

“የተሳልሁት በጀልባዬ ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “በሰው ጀልባ የኔ ስለት አይገባም።”

ከዚያ ወዲያ መቀለዴን ትቼ ቶሎ ነዳሁ። እሺ፣ አልተውሁም፤ ግን ቶሎ ነዳሁ።

የወሰድኋቸው የሐጂ ኢስሀቅ ሱቅ ነው። ሐጂ እግራቸው ደክሟቸው ቤት ከዋሉ ወዲህ ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ኑሰይባ ናት። ቴክኒክ ኮሌጅ ተምራለች፤ ምላሷም ከሞረድ አይተናነስም። እኔን ስታይ “ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህብኝ?” አለች፤ ሽማግሌውን ስታይ ግን ብድግ ብላ ወንበር አቀረበች።

“እንደምን አደሩ ጋሼ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ እንዴት ናቸው?”

“ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ምን ልታዘዝ?”

“ያንን ሳጥን አውርጂልኝ።”

ሳጥኑ ከላይ ተሰቅሏል። ቀይ ነው፤ ሲከፈት ውስጡ መቶ ምናምን ፍሬ ቁልፍና ብሎን ላይ የሚደፋ ቡሶላ ተደርድሮ እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራል። እኔ ራሴ የምፈታው ነገር እንኳ ሳይኖረኝ አማረኝ።

ኑሰይባ አወረደችው፤ አልከፈተችውም። “ለምን ሥራ ነው?”

ነገሯት። ብሎኑንም አሳዩዋት። አገላብጣ አየችና “ይኼን ሳጥን ልሸጥልዎት እችላለሁ፤ ትርፉም ለኔ ነው” አለች። “አልጋና ቁም ሣጥን ለሚገጥም ሰው ይበቃዋል። ለጀልባ ሞተር ከሆነ ግን ሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሲመጡም ለጠብ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገ ዘጌ አይሄዱም።”

“እንዴት? ሲያዩት ወርቅ አይደል?”

“የሚያበራው ላዩ ነው ጋሼ። ብሎን የሚፈታው ውስጡ ነው።”

ጋሽ ወልደ ገብርኤል ፈገግ አሉ፤ ሕፃን የሚያስተምር ሰው ፈገግታ። “አየሽ ልጄ፣ ብረት እኔን አያታልለኝም። ልጅ ሆኜ ደቅ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ደወል የምመታ እኔ ነበርሁ። የድንጋይ ደወል። የትኛው ድንጋይ ጥሩ እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ እለያለሁ። ድንጋይም ብረትም ያው ነው። በእጅ ከበድ ሲል፣ ሲመታ ድምፁ ጥርት ሲል፣ ያ ብረት አይከዳም።” ይህን ብለው ሳጥኑን ከፍተው አንድ ቁልፍ አውጥተው በጠረጴዛው ጠርዝ መቱት። ድንንን አለ። “ስሚ እንግዲህ።”

“ድምፅ ስንጥቅ ይነግርዎታል” አለች ኑሰይባ። “የተሰነጠቀ ገንቦ ሲመቱት እንደሚያሳብቅ ማለት ነው። እሱ ላይ ልክ ነዎት። ጥንካሬን ግን አይነግርም።”

“ይነግራል።”

“አይነግርም።”

“ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ…”

እዚህ ላይ ሰይጣኔ መጣ። “ጋሼ፣ ለምን አንፈተንም?” አልሁ። “ዓይንዎን ይጨፍኑ። እኔ አንድ በአንድ እመታለሁ። ጥሩውን ይምረጡ።”

“ምታ” አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ልክ ማሕሌት እንደሚሰማ ሰው። የሳጥኑን ቁልፍ መታሁ። “ደኅና ነው” አሉ። ከመደርደሪያው ደብዘዝ ያለ፣ ግራጫ ቁልፍ አንሥቼ መታሁ። “ይኼ የታፈነ ነው፤ ይቅር።” ሦስተኛውን መታሁ። ፊታቸው በራ። “ይኼ! ይኼን ስጡኝ። ይኼ የደወል ዘር ነው።”

ዓይናቸውን ሲገልጡ በእጄ የያዝሁት በሲባጎ የተንጠለጠለ ፌሮ ነበር፤ ያው ቤት ሲሠራ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው።

ከጎረቤት ሱቅ የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ኑሰይባ ግን አልሳቀችም። “አንተ ባለጌ፣ ቁጭ በል” አለችኝ። “ጋሼ፣ ጆሮዎ ትክክል ነው። ከሦስቱ በእውነት ድምፀ መልካሙ እሱ ነው። ደወል የሚገዙ ቢሆን ኖሮ እሱን እሸጥልዎት ነበር።”

ጋሽ ወልደ ገብርኤል መጀመሪያ ተቆጡ፤ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ፌሮውን ተቀብለው ራሳቸው አንድ ጊዜ መቱትና ሳቅ አመለጣቸው። “እውነትም ግን ድምፅ አለው” አሉ። “እሺ፤ በጆሮ ካልሆነ በምን ልለየው?”

ይኼን ጥያቄ ነበር የምንጠብቅ። ኑሰይባ ሞረድ አወጣች። የሳጥኑን ቁልፍ ጥግ ገረፍ ስታደርገው ሞረዱ እንደ ሳሙና በላው፤ ቢጫ የሚመስል ለስላሳ ብረት ከሥር ብቅ አለ። ግራጫውን ስትገርፈው ግን ሞረዱ እየተንሸራተተ በጭንቅ ጫር አደረገው።

“ዕቃሽን አበላሸሽ እኮ” አሉ ሽማግሌው።

“ለማሳያ የያዝሁት ነው። ሁሉም ሱቅ ሞረድ አያስነካም፤ ሞረዱ ካልተቻለ ይችኛዋን ፈተና ግን ማንም አይከለክልዎትም።” ከመሳቢያ የብሎናቸው ዓይነት አዲስ ብሎን አወጣች፤ አሥራ ሁለት ቁጥር። “ለልጅ ጫማ ሲገዙ እግሩን ይዘው አይደል የሚሄዱት? ቁልፍ ሲገዙም ብሎኑን ይዘው ይሂዱ። እንኩ ይሞክሩት።”

የሳጥኑን ቁልፍ ብሎኑ ላይ አጠለቁ። ወዲያና ወዲህ ይወላከፋል፤ የአባቱን ጫማ ያደረገ ሕፃን ነው። ግራጫውን አጠለቁ። ጥብቅ። ጣታቸውን ለቀቁ፤ አልወደቀም።

“ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው” አሉ እየተከራከሩ።

“የብሎኑን ማዕዘን የምትበላው ያች ፀጉር ናት። ደግሞ ቀለበቱን ውስጡን ይዩት። ይኼ የሳጥኑ አሥራ ሁለት ጥርስ አለው፤ ጫፍ ጫፉን ነው የሚይዘው። ግራጫው ስድስት ጥርስ ነው፤ የብሎኑን ስድስት ጎን በሙሉ ያቅፋል። ማዕዘኑ ትንሽ የተበላ ብሎን እንኳ አያመልጠውም።”

ጋሽ ወልደ ገብርኤል ሁለቱንም ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ያሸነፈች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሌላ መንገድ እየፈለጉ ነው። “አንድ እንግሊዝ ቁልፍ ብገዛስ? ይሰፋል፣ ይጠባል። ለሁሉም ይሆናል።”

“ለሁሉም የሚሆን ለማንም አይሆንም ጋሼ። የቧንቧ ዳዶ ይያዙበት። የተጣበቀ ብሎን ላይ ግን ሲገፉት አፉ ይከፈታል፤ ያኔ ብሎኑም ጣትዎም ይላጣል።”

እዚህ ላይ ጣታቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ተልጦ ነበር።

“ዋጋውስ?” አሉ። ነገረቻቸው። “አንቺ ለዚች ለአንዲት ፍሬ የጠየቅሽኝ እኮ የሳጥኑን እኩሌታ ነው። እዚያ ውስጥ መቶ ፍሬ አለ። እኔ ልጅ አስተምሬ፣ ቤት ሠርቼ እዚህ የደረስሁት ቆጥቤ ነው።”

“ከመቶው ስንቱን ነው የሚነኩት? የሞተርዎ ብሎኖች አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ናቸው። ሌላው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ይዝጋል። ሳጥኑን መቆጠብ ይችላሉ፤ መዶሻውንም ከርካሹ ይግዙት፣ ክፋት የለውም። ብሎን የሚነካውን ግን አይቆጥቡበት። ደግሞ ሁሉንም ዛሬ ይግዙ አላልሁም። ዛሬ የሚፈልጓትን ይግዙ፤ ሌላዋን ሌላ ወር። አዲስ ካስወደደዎት ጡረታ የወጣ መካኒክ የሚሸጠውን አሮጌ ይፈልጉ። አፉ ያልተከፈተ፣ ያልተሰነጠቀ መሆኑን ካዩ ከዚህ ቀይ ሳጥን ይሻላል። እኔ ነጋዴ ሆኜ እንዲህ እላለሁ፤ አባቴ ቢሰሙኝ ያባርሩኛል።”

“አላባርርሽም፤ ግን ሱቄን ትዘጊው ይሆናል” አልሁ በሐጂ ድምፅ።

“አንተን ግን አባርራለሁ።”

ጋሽ ወልደ ገብርኤል ግራጫውን ቁልፍ በመዳፋቸው መዘኑ። “ቀላል ናት” አሉ፤ ያው የልማዳቸው ነገር። “ደካማ ብረት ወፍራም ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ጥሩ ብረት ቀጭን ቢሆንም ይችላል” አለቻቸው። አላመኑም። ፊታቸው ላይ ይነበባል። ግን ቀኑ እየሄደ ነው፤ አንድ ብሎን ነው የቀረው፤ እሱም ከተላጠ በመሰርሰሪያ ካልሆነ አይወጣም፤ ጋራዦቹ ደግሞ ከእኩለ ቀን በኋላ እስከ ሰኞ ዝግ ናቸው።

“ካልፈታችስ?” አሉ።

ኑሰይባ የሱቁን በር ቁልፎች አነሣች። “ራሴ አብሬዎት እመጣለሁ። ካልፈታች እዚያው ገንዘብዎን እመልሳለሁ። ግሩም፣ ባጃጅህን አስነሣ።”

ሱቅ በቅዳሜ ገበያ ተዘጋ! እንዲህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ። እየበረርሁ ጣና ዳር አደረስኋቸው።

እትዬ ጽጌ ጀልባዋ አጠገብ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። “መጣህ?” አሉ ባላቸውን። “ታምሜ የነበርሁ እኔ፤ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ግን ሞተርህን።”

“ዝም በይ ጽጌ፤ ስላንቺ ነው የምደክም።”

“አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ስለ እኔ ብለህ ጣትህን ሁሉ ልትጨርስ ነው።”

ብሎኑ ሞተሩ ሥር ተጣብቋል፤ ሁለት ማዕዘኑ ተበልቷል። ኑሰይባ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። “ዝገቱን እንዲያላላ ናፍጣ ቀብተውታል?”

“ከትናንት ማታ ጀምሮ ጨርቅ አርሼ አልብሼዋለሁ።”

“እሰይ። ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም ሊያደርግ አይችልም ነበር” አለች። ጋሽ ወልደ ገብርኤል ወደ እኔ ዞረው ጢማቸውን ዳበሱ። ተቀበልሁ፤ አንድ ነጥብ አስቆጠሩ።

ቁልፏን አጠለቁ። ትንሽ እምቢ አለች። ኑሰይባ በመዶሻ ከላይ ጠቅ ጠቅ አድርጋ እስከ ሥሩ አስገባቻት። ሽማግሌው ከጀልባዋ ሥር የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ስበው አወጡ፤ የቁልፏ እጀታ ላይ ሰክተው ሊያረዝሟት።

“እሱን ይተዉት” አለች። “በቧንቧ ከገፉት ምን ያህል ኃይል እንደጫኑ እጅዎ አያውቅም፤ ብሎኑ አንገቱን ይቆረጣል። በእጅዎ፣ ቀስ እያሉ። ወደ ራስዎ ይሳቡ እንጂ አይግፉ፤ ቢያመልጥዎት እንኳ ጣትዎ ብረት አይመታም።”

ሳቡ። ምንም የለም። ደገሙ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። እትዬ ጽጌ ጥላቸውን አጠፉት። እኔ ራሴ መተንፈስ አቆምሁ፤ እንኳንስ መቀለድ።

ቀጭ አለ።

ጋሽ ወልደ ገብርኤል ፊታቸው አመድ መሰለ። “ተቆረጠ” አሉ። “ጽጌ፣ ተቆረጠ። አለቀ።”

“አልተቆረጠም” አለች ኑሰይባ። “ዝገቱ ነው የለቀቀ። ይሳቡት።”

ሳቡት። ቁልፏ እጃቸውን ተከትላ ዞረች። እንደገና ዞረች። ብሎኑ ቀልጦ የወጣ ይመስል እየተሽከረከረ መጥቶ መዳፋቸው ላይ ወደቀ፤ ከቅድሙ የበለጠ አንድ ማዕዘን እንኳ አልተበላም። ሽማግሌው ብሎኑን ሳይሆን ቁልፏን ተሳለሙ። በእውነት ነው የምላችሁ፤ እንደ መስቀል ግንባራቸው ላይ አደረጓት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የደስታ ሥራ ነው። አሮጌዋ ጎማ ወጣች፤ ክንፎቿ ተሸራርፈው ነበር። አዲሷ ገባች፤ ብሎኖቹም ኑሰይባ ይዛ በመጣቻቸው አዲሶች ተተኩ። ጋሽ ወልደ ገብርኤል ገመዱን ሲስቡት ሞተሩ ተነሣ፤ ከጎኑም የሚያበርደው ውኃ ቀጥ ብሎ ፏ አለ፤ እኔን ከራስ እስከ እግሬ አጠበኝ። በዚያ ቀን ከሆነው ነገር ሁሉ ኑሰይባን ያስደሰታት ይኼኛው ይመስለኛል።

ሽማግሌው እጃቸውን እየጠረጉ ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ፦ “ልጄ፣ እኔ ሃያ ዓመት በፒንሳ ፈትቻለሁ። ቆጥቤ እየመሰለኝ ነበር። የበላኋቸው ብሎኖች፣ ጋራዥ ሄጄ ያስፈታኋቸው፣ የተላጠ ቆዳዬ፣ ያለፉኝ ቅዳሜዎች ሁሉ ቢደመሩ የዚህ ቁልፍ ዋጋ ስንት ጊዜ ይሆን? ርካሽ ዕቃ የገዛሁ መስሎኝ ዘመኔን ሙሉ በየወሩ ስከፍለው ኖሬያለሁ። በይ አሥሩንና አሥራ አራቱን ለመጪው ወር አስቀምጪልኝ። አሥራ ሰባቱ ይቆይ፤ አሮጌ ልፈልግለት።”

“እንዲህ ያለ ደንበኛ አላህ ያብዛልኝ” አለች።

“ሲጨርሱ ጠርገው ዘይት ያስነኩት” ብላ ጨመረች። “የሐይቅ እርጥበት ጥሩ ብረትንም አይምርም። እጀታው ላይ ቀለም ያድርጉበት፤ ጎረቤት ሲዋሰዎት የማን እንደሆነ እንዲያስታውስ።”

“ማን ነው የሚያውሰው?” አሉ ሽማግሌው። ባለ ንብረት የሆነ ሰው ጠባዩ ወዲያው ይለወጣል።

እሑድ ማለዳ እኔም ጀልባዋ ላይ ነበርሁ። ማኅበርተኛ አይደለሁም፤ ግን የጋሽ ወልደ ገብርኤል ነፃ ጉዞ ለሁሉም ነው ብዬ ተሳፈርሁ፤ ማንም አላወረደኝም። ነጠላ የለበሰ ሰው ሞልቷል፤ እናቶች ይዘምራሉ፤ ሞተሩ አይግል፣ አይንተፋተፍ፤ ሐይቁን እንደ ጨርቅ እየቀደደ ይሄዳል።

ወደ ዘጌ ስንጠጋ ሌላ ጀልባ ውኃ ላይ ቆሞ አገኘን። ሞተሩ ጠፍቶበት ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ይታገላል፤ ተሳፋሪዎቹ ይጮኹበታል። እጁን ስናይ ፒንሳ ይዟል።

ጋሽ ወልደ ገብርኤል ሞተራቸውን ቀነስ አደረጉ። “አንተ ሰውዬ” ብለው ከሩቅ ተጣሩ፤ “ብሎኑን እንዳትነካው። ጨርሶ እንዳትነካው። ገመዱን ወርውር።”

ገመዱን አሰርን። ጎትተን ሄድን። የቀረውን መንገድ ሁሉ ጋሽ ወልደ ገብርኤል ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ለዚያ ሰው ከጀልባ ወደ ጀልባ ሰበኩለት። የሚያበራ ሳጥን እንዳይገዛ፤ ብሎኑን ይዞ ገበያ እንዲወጣ፤ አፉ የማይወላከፍ፣ ስድስት ጥርስ ያለው ቁልፍ እንዲመርጥ፤ የሚፈልገውን ብቻ በየወሩ እየጨመረ እንዲገዛ። ሰውየው ነገሩ ጆሮው ሳይገባ አንድ ጊዜ “እሺ አባ” አለ።

“እሺ አትበለኝ፤ ድገምልኝ” አሉት። “ብሎን የሚነካውን…”

“ብሎን የሚነካውን… አትቆጥብበት” አለ ሰውየው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ።

ዘጌ ደረስን። የተጎተቱትም የተሳፈሩትም ወረዱ። ጋሽ ወልደ ገብርኤል ሞተሩን አጥፍተው የመጨረሻ ወረዱ፤ ለእትዬ ጽጌ እጃቸውን ሰጥተው ከጀልባዋ አወረዷቸው። መሬቱን ሲረግጡ ተንበርክከው ሳሙት። “ስለቴን አስገባሁ” አሉ። “በገዛ ጀልባዬ፣ በገዛ እጄ።”

እትዬ ጽጌ አነሷቸው። “የትናንቱን ግራሶ ግንባርህ ላይ አስቀርተኸዋል” አሉና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው፤ ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ወጡ።